ሰማያዊው በዝቷል

ከባሕር ዳር ወደብ መንገድ ገባ ብሎ፣ ከጋራዡ ቀጥሎ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል፣
ደጃፏ ላይ «ባነር፣ ፎቶ፣ ማህተም» የሚል፤
እዚያ ነኝ። ነሐሴ ነው። ቆርቆሮው በዝናብ ሲደበደብ ያድራል፤
መብራቱም እንደ ልማዱ ይመጣል፣ ይሄዳል።
ስክሪኔ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ቀለሙ ቀስ እያለ ሸሽቶ፣
ዓይኔም አብሮት ሄዶ፣ አብሮት ተሳስቶ፣
አንዳችም አላወቅሁ።

ባነሯን ጠቅልላ፣ በፌስታል ሸፍና፣
ይታይሽ ከች አለች፣ ሱቁን ሳልከፍት ገና።
ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው፤ የባሏን ፊት፣
የጀልባ ሞተር ጠጋኙን፣ አንሙት።
እናቱ ሁለት ቀብረው በሦስተኛው ያወጡት ስም፤
ስም ግን አያስጥልም።
አርባው እሑድ ነው።

«እስቲ ደህና አርገህ እየው። ማንን ነው ያተምህልኝ?
የውሃ ሬሳ ነው እንዴ የሰጠኸኝ?
አልጋው ላይ እኮ ነው የሞተ፣ እጄን እንደ ያዘ።
የኔ ሰው ጠይም ነው፤ ጠይም፣ ወደ ቀይ የሚያደላ።
አንተ ሰማያዊ አረግኸው፣ ተዝካሩ ሳይበላ!»

ሳቄ መጣ፤ ዋጥሁት። ሰሙን ትበል ወርቁን
ፊቷ አይናገርም፤ በጣቷ ትዳብሳለች የባነሩን ጠርዙን።

ከቪዲዮ አንሺው ከሙጨ ሮጬ ተዋስሁ፤
እንደ መዥገር መስታወቱ ላይ ለጠፍሁ፣
ቀለም የምትለካ፣ ባለ አንድ ዓይን ዕቃ።
መጋረጃውን ዘጋሁ፤ የሐይቁ ብርሃን ይብቃ።
ማሽኑ እስኪሞቅ ግማሽ ሰዓት ዝም ብለን ተቀመጥን፣
እሷ ግድግዳውን፣ እኔ ሰዓቱን እያየን።

መጀመሪያ ነጭ ነው የሚፈለግ። ነጩ ግን የቱ ነው?
ወረቀቱ ወደ ሰማይ ያዘነብላል፤ ግድግዳው አመድ ነው።
ይታይሽ ነጠላዋን አወረደች፣
«በዚህ ለካው» አለች።
ከሐዘኑ ወዲህ ሳሙና አልነካውም፤ ጫፉ እንደ ቅቤ ቢጫ ነው።
አልነገርኋትም። ስክሪኑ ጎን ያዝሁት፣ ይታየው።

ማሽኑ ቀይ ሲል ደም ነው፣ በርበሬ፣ የባጃጅ የኋላ መብራት፤
እኛ ቀይ ስንል የሰው ፊት።
«ቀይ ዳማ» የሚል ቁልፍ የለው፣ «ጠይም» የሚል ቁጥር የለው፤
ሦስት ቃል ብቻ ነው ያስተማሩት ሲሠሩት፤ ሦስተኛው
ሰማያዊ ነው።

ቀነስሁት። አንድ። ሁለት። አምስት።
በመጫኛ እንደሚወርድ ሰው፣ ከላይ መጣ ወደኛ አንሙት፤
ግንባሩ አስቀድሞ፣ ከዚያ ናፍጣና ፀሐይ ያከሰለው ጉንጩ፣
ከዚያ ሳቅ ሊጀምር ያለ የሚመስል የከንፈሩ ዳር።
ዕቃዋ «ገጥሟል» አለች፣ በቁጥር።
ይታይሽ ግን፣ «ገና። ትንሽ ዝቅ። ትንሽ። አሁን አለፍኸው፣ መልስ።
ከሻወር ሲወጣ አይደለም፤ ከሥራ ሲመለስ።»

ሁለት ነጥብ መለስሁ። ትንፋሿን ያዘች።
መብራት ሄደ።
ጥቁሩ መስታወት ውስጥ እኔና እሷ ብቻ ቀረን።
«እዚያው ላይ ነበር፤ አትንካው» አለች በሹክሹክታ፣
ሰው እንደ ተኛበት ቤት፤ እስከ ማታ
ጠበቅን።

እሑድ አለፈ። ማክሰኞ ካባቸውን እንደ ለበሱ ተመራቂዎች መጡ፤
«ሐይቁ ምነው ጭቃ መሰለ?» ብለው ተቆጡ።
«ጭቃ እኮ ነው» አልኋቸው፤ «ጣና በነሐሴ
ሻይ በወተት ነው።» የቤት ኪራዩ ትዝ አለው ኪሴ፤
እሺ አልሁ። ሰማያዊ ጨመርሁ።

የመጀመሪያው ባነር እዚሁ ቀርቷል፤ ጣሪያው በሚያፈስበት ጥግ
ማተሚያውን አለበስሁት፣ ፊቱን ወደ ውስጥ አዙሬ፣ ለወግ።
ዝናቡ ሲበረታ፣ ነጠብጣቡ ጀርባው ላይ ሲደረደር፣
ጠጠጠ ይላል፤ ልክ አልነሳ እንዳለ የጀልባ ሞተር።